ለጥምቀት የምለብሰው፣ የምሰማውና የማየው

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! በዓሉን የማታከብሩትም እንኳን ለጥር ወር አደረሳችሁ። የጥምቀት ሰሞን ጎረቤት ሁሉ የኛ እንግዳ ነው።

ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። ነገ ከተራ ነው፤ ከተማው ሽር ጉድ ላይ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ለታቦት የሚነጠፈውን ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ዘርግተው እያራገፉ ነው። ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚገባው ውሃ ሞልቷል። የኛ ቤት ጠላም ደርሷል። ዘንድሮ ትመጣላችሁ ብዬ የጠበቅኋችሁ አላችሁ፤ መንገዱም ሁኔታውም አልፈቀደም። ፈጣሪ ሰላሙን አውርዶልን ለከርሞ በአካል ያገናኘን።

በዓል ሲመጣ መልካም ምኞት ብቻ ጽፎ ማለፍ አይሆንልኝም። የምወደውን ማካፈል እፈልጋለሁ። እኔን የምታውቁኝ ደግሞ ምን እንደምወድ ታውቃላችሁ፦ ኢንዲ ሙዚቃ (በራስ አቅም የሚሠራ)፣ ኤቲካል ፋሽን (ሠሪውን ሳይበድል የሚሠራ ልብስ)፣ አርት ፊልም (ከገበያው ይልቅ ለጥበቡ የሚሠራ)። ጓደኞቼ "የአዲስ አበባ ልጆች ጣጣ" ይሉኛል። ሦስቱም ግን ለእኔ አንድ ነገር ናቸው። የማን እጅ እንደሠራው የሚታወቅ፣ ሠሪው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የሠራው ነገር ልቤን ይነካዋል። ይህን የተማርኩት ደግሞ እዚሁ ጎንደር ነው።

ከልብስ ልጀምር፤ ሰሞኑ የልብስ ነዋ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እየተባልን ነው ያደግነው። በየዓመቱ አዲስ ልብስ ለመግዛት ጥሩ ምክንያት ሆኖናል። እናቶቻችን ግን ለጥምቀት የሚለብሱት አንድ የክት ቀሚስ ነበራቸው። ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ዓመት ይጠብቃል። ሲያረጅ የቤት ልብስ ይሆናል። ጋቢውም ሲያልቅ የሕፃን መታቀፊያ ይሆናል። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ሰሞኑን ያዘዝኩትን ነጠላ ለመቀበል አዲስ ዓለም ሄጄ ነበር። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጧል። በእግሩ ጣቶች ገመዱን ይዞ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሽው ይላል፤ ከዚያ ማጉን መታ መታ። ያለቀውን ነጠላ አንስቼ በጣቴ ዳበስኩት። ፈትሉ የእጅ ስለሆነ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። ጥጡን የዳመጠች፣ በደጋን የነደፈች፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። ያ መወፈርና መቅጠን የእሷ እጅ ነው። በማሽን የታተመ ጥለት ያለው ከውጭ የመጣ ቀሚስ ይህ የለውም። ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ሲለብሱት አንገት ይበላል፤ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ደግሞ ቀለሙ ይሄዳል።

አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች የቆየ ሰፈር ነው። ከድሮ ጀምሮ በንግድና በሽመና ይታወቃል። እንግዲህ አስቡት፦ ታቦት አጅቦ "ሆ" እያለ ወደ ፋሲል የሚወርደው ሕዝብ ለዘመናት ሲለብስ የኖረውን ነጭ ሸማ ከሸመኑት መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። እዚህ አጠገባችን ወለቃ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ ይታወቁ ነበር። እነዚህን ባለ እጆች ግን ስንንቅ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደርሷል ነገሩ። ንቀቱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ቡቲክ ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ዝም ብለን ከፍለን እንወጣለን። ሸማኔ ጋ ስንደርስ ግን ግማሹን ካላስቀነስን እንቅልፍ አይወስደንም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ የበዓል ሰሞን እንኳ ሸማኔን አትከራከሩት።

የውጭውስ ልብስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ በርካሽ የምንገዛውን ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። "ልብሴን ማን ሠራው?" የሚለው ጥያቄ በዓለም የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ የባንግላዴሽ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ልብስ ስለሚሰፋበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የኛው እህቶች ናቸው።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ላይ ግን ጣቴን አልቀስርም። ኑሮው ይታወቃል። እንዲያውም ያለውን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ አስጠግኖ ለበዓል ፏ ብሎ የሚወጣ ሰው ለእኔ የፋሽን አዋቂ ማለት እሱ ነው።

ወደ ሙዚቃው ልለፍ። ኢንዲ ማለት ካሳታሚ ኩባንያ ሳይጠጉ በራስ አቅም መሥራት ከሆነ፣ አዝማሪ ከሁሉም ይቀድማል። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተወጠረ ሣጥን፣ ከዚያ ደግሞ ጭንቅላቱ። "ተቀበል!" ይሉታል፣ ይቀበላል። ግጥሙ እዚያው ተወልዶ እዚያው ሰው ይስቅበታል፣ ያለቅስበታል። ደሞዙን አድማጩ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።

ከከተማ ሙዚቃ ደግሞ አምሃ እሸቴን ሁልጊዜ አነሳለሁ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሙዚቃ ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። ሸክላዎቹ ውጭ አገር ታትመው ይመጡ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም "የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን" እያለ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ብዙው የዚያ ወጣት ድፍረት ያተረፈው ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጡብኝ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በወጣትነታቸው መንነው ግሸን ማርያም ገዳም 10 ዓመት ያህል ኖረዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር መጥተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በር ላይ የሚተኙ ልጆች ያያሉ። የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ቀን እየለመኑ ይማራሉ፣ ማታ ደጅ ያድራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነው። ሙዚቃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እነዚያ ልጆች የተኙበት ደጅ የኛ ደጅ ነው። ዛሬም በአታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አቋቋም የሚማሩ ልጆች ደበሎ ለብሰው ስታዩዋቸው፣ ያ ፒያኖ ስለ እነሱ እንደተመታ አስቡ። የእማሆይን ፒያኖ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ስሙት። መጀመሪያ ምዕራባዊ ይመስላችኋል። ቆይቶ ጣታቸው ዜማውን እንደ መሪጌታ ጎተት ሲያደርገው ትሰማላችሁ።

ፊልም ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ስለ ፊልም ከጀመርኩ አላቆምምና። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር ነው የተወለደው። አባቱ የቴአትር ሰው ነበሩ። አሜሪካ ተምሮ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ የራሱን ፊልም በራሱ መንገድ ሲሠራ ኖረ። ስለ ባርነት የሠራውን ሳንኮፋን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልገውም አሉ። እሱና ባለቤቱ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራይተው አሳዩት። ሕዝቡ ተሰለፈ። ወሬው ከከተማ ከተማ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ስለ ደርግ ዘመን የሚተርከው ፊልሙ ጤዛ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጤዛን ስታዩ አትቸኩሉ። ፊልሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሕልምና ትዝታ ይቀላቀልበታል። እንደ ተከታታይ ድራማ ሻይ እያፈሉ የሚታይ አይደለም። በደርግ ዘመን የኖሩ አባቶችና እናቶች ካሏችሁ አብራችሁ እዩት፤ ከፊልሙ በኋላ የሚያወሩት ከፊልሙ አያንስም። እኛ ቤት እንደዚያ ሆኗል። በቤታችን ተነስቶ የማያውቅ የአንድ ዘመድ ስም የዚያን ማታ ተነሳ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ፒያሳ ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ያላት ከተማ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ከተማ፣ ፊልሞቹን በወር አንዴ እንኳ አንድ ላይ ተቀምጠን የምናይበት ልማድ የላትም። ሰው እንዲጀምርልን መጠበቅ ይብቃ ብያለሁ።

ስለዚህ የቃና ዘገሊላ ማታ፣ ሚካኤል ገብቶ ሰው ካረፈ በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ ፊልም እናያለን። ፕሮጀክተር ተገኝቷል። ግድግዳው ላይ አንሶላ እንወጥራለን። ከፊልሙ በፊት ማሲንቆ የሚመታ የሰፈራችን ልጅ ይጫወትልናል፤ ለእሱ የምትሸልሙትን ይዛችሁ ኑ። ጎንደር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤቱን እነግራችኋለሁ። ጋቢ አትርሱ፣ የጥር ማታ ይበርዳል። መብራት ከሄደ ቡና አፍልተን ማሲንቆውን እንቀጥላለን።

ሩቅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ውለታ ዋሉልኝ። አንድ የምትወዱትን ዘፈን፣ አንድ ፊልም፣ አንድ ጎበዝ ሸማኔ ወይም ልብስ ሰፊ ጠቁሙኝ፤ ስታገኙ የሠሪውን ስም አብራችሁ ጻፉ። ሰብስቤ ለሁላችሁም አካፍላለሁ።

መልካም ጥምቀት!