«ይሰማዎታል?» የማይባልበት ምርመራ

ታካሚው ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ጅማ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ 40 የሚጠጋ ቡና አምራች ናቸው። ግራ ክንዳቸው ላይ ሁለት፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ነጣ ያለ ምልክት አለ። አያሳክክም፣ አያምም። ጭርት ነው ተብለው ለወራት ቅባት ሲቀቡ ከርመዋል። ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ ያያቸው ጠቅላላ ሐኪም ለቆዳና አባላዘር ሪዝደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) የሚዘጋጅ፣ በንባቡ የማይታማ ወጣት ነው። ሥጋ ደዌ ሊሆን እንደሚችልም አልዘነጋም፤ በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ ምልክቱ ላይ ስሜት ሊጠፋ ይችላል። ጥጥ አንሥቶ ምልክቱን በነካ ቁጥር፣ ታካሚው አማርኛ ስለማይሰሙ፣ አብሯቸው የመጣውን የእህታቸውን ልጅ «ይሰማዎታል ወይ በላቸው» ይለዋል። ልጁ በኦሮምኛ ይጠይቃል፤ እሳቸው «ኤዬ» (አዎ) ይላሉ። ሦስቱም ምልክት ላይ መልሱ «ኤዬ» ሆነ። ካርዱ ላይ «ስሜት አለ» ተብሎ ተጻፈ፤ የኤግዚማ ቅባት ታዘዘ።

ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት መታጠፍ ጀምራለች።

በዚህኛው ቀን ያዩዋቸው ሲኒየር ሐኪም የተጠቀሙት ያንኑ ጥጥ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ሌላ ነው። ጥጡን በጣታቸው አሹረው ጫፉን ክር እስኪያክል አቀጠኑት። መጀመሪያ ታካሚው ዓይናቸውን ገልጠው እያዩ ጤነኛውን ቆዳ ነኩና፣ በልጁ በኩል «በተነኩ ቁጥር የተነኩበትን ቦታ በጣትዎ ይጠቁሙ፤ መናገር አያስፈልግም» አሏቸው። ነገሩ እንደገባቸው ከታየ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጤነኛው ቆዳ፣ የምልክቱ መሃል፣ ጠርዙ፣ እንደገና ጤነኛው፣ ቅደም ተከተሉ በማይገመት መንገድ ተነካ። አንዳንዴም ሐኪሟ ምንም ሳይነኩ ዝም ብለው ይቆያሉ። ጤነኛው ቆዳ ሲነካ የታካሚው ጣት ሳይሳሳት ቦታው ላይ ያርፋል። የክንዱ ምልክት መሃል ሲነካ ግን እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ አልተነሣም።

የመጀመሪያው ምርመራ የከሸፈው በብዙ ምክንያት ነው። ጥያቄው ራሱ መቼ እንደተነኩ ይነግራቸዋል። ገበሬ ሐኪም ፊት ተቀምጦ «አይሰማኝም» ማለት ይከብደዋል፤ አዎ ማለት አክብሮት ነው። አስተርጓሚ ሲገባ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ዘመድ የሆነ ሰው የታመመውን ሳይጠብቅ ራሱ የሚመልስበት ጊዜ አለና። ጥጡም ወፍራም ከሆነ ወይም ከተጫኑት የሚለካው ቀላል ንክኪ ሳይሆን ግፊት ነው። ቆዳው ላይ ማስኬድም እንዲሁ ያሳስታል። ጫፉ ጎበጥ እስኪል ብቻ ነክቶ ማንሣት ነው። ፊት ላይ ያለ ምልክት ስሜቱን ላያጣ እንደሚችል፣ ባክቴሪያው በበዛበት ዓይነትም ስሜት ሊኖር እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስሜት መኖሩ ብቻውን ሥጋ ደዌን አያስወጣም።

ቀጥሎ የመጣው ነርቭ መዳሰስ ነው። ጀማሪ ሐኪሞች በብዛት የሚዘሉት ይህንን ነው፤ መዝለሉም ብዙ ያስከፍላል። የክርን ነርቭ የሚገኘው ክርን ታጥፎ፣ ከውስጠኛው አጥንት ጀርባና ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በጣት ጫፍ በቀስታ ያንከባልሉታል፤ ሁለቱን ክርን ያወዳድራሉ፤ ሲዳሰስ የታካሚውን ፊት ያያሉ፣ ሕመሙ እዚያ ላይ ይነበባልና። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ከአጥንቱ አንገት ጀርባ ያለውም፣ ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ አጥንት ኋላ ያለውም ይዳሰሳል። እኚህ ሰው የግራ ክርናቸውም የግራ እግራቸውም ነርቭ ወፍሮ ተገኘ። የጡንቻ ጉልበት ምርመራውም ቀላል ነው፦ ዓይን አጥብቆ መጨፈን፣ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ መግፋት፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት፣ እግርን ወደ ላይ ማጠፍ፤ እያንዳንዱ ጠንካራ፣ ደካማ ወይም ሽባ ተብሎ ይመዘገባል። ትንሿ ጣታቸው ደካማ ነበረች።

ምልክቱ ሦስት ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያው የበዛበት ዓይነት አይደለም ማለት አይቻልም። ሁለት ነርቭ ስለተነካ ባክቴሪያው የበዛበት ተብሎ ይመደባል፤ ስለዚህ ሕክምናው የ6 ወር ሳይሆን የ12 ወር ነው። ለአዋቂ በወር አንድ ቀን ሐኪም ፊት ሪፋምፒሲን 600 ሚሊግራምና ክሎፋዚሚን 300 ሚሊግራም፣ በየቀኑ ደግሞ ዳፕሶን 100 ሚሊግራምና ክሎፋዚሚን 50 ሚሊግራም ይወሰዳል። ክሎፋዚሚን ቆዳን እንደሚያጠቁር፣ ሪፋምፒሲን ሽንትን እንደሚያቀላ አስቀድሞ ካልተነገረ ታካሚው በሁለተኛው ወር መድኃኒቱን ይጥላል። የጣቷ ድክመት ከመጣ ገና 6 ወር ስላልሞላው የነርቩን እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ተጨመረ። ከዚያ የቆየ ቢሆን ኖሮ የመመለስ ዕድሉ በጣም ይጠብ ነበር። ካርዱ ላይ «ስሜት አለ» ተብሎ ያለፉት ሦስት ወራት ክብደታቸው እዚህ ላይ ነው።

አብረዋቸው የሚኖሩ ሁሉ ይመረመራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ዕድሜያቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የቤተሰብ አባላት፣ ሥጋ ደዌም ቲቢም እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን ይመክራል።

ይህ ገጠመኝ ለሪዝደንሲ አመልካች መነገር ያለበት ነው። ለመግቢያ ፈተናው የሚነበበው በአብዛኛው የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናትና ማህፀን ነው፤ ማንበብ ደግሞ ግዴታ ነው። የቆዳ ሙያ ግን ከተመላላሽ ክፍሉ ይጀምራል። የሌሊት ተረኝነት ይቀንሳል ብሎ ብቻ የሚመርጠው ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ በቀን ብዙ ታካሚ የሚታይበት፣ የአባላዘር በሽታም ሙሉ ድርሻ ያለበት ትምህርት ነውና። ጠቅላላ ሐኪም ሳለ ሊለመዱ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የበሽታውን ስም ከመጥራት በፊት የታየውን መጻፍ፦ የት፣ ስንት፣ በሴንቲሜትር ምን ያህል፣ ጠርዙ የተለየ ነው ወይስ የደበዘዘ፣ ቅርፊት አለው ወይ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ እንደ ሐምራዊ ወይም እንደ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ የነጭ ቆዳ ፎቶ ብቻ አይቶ ያደገ ዓይን ያልፈዋል።

ፈንገስ ሲጠረጠር መፋቅ ያለበት የሚሰፋው ጠርዝ እንጂ መሃሉ አይደለም። ቅርፊቱ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ተደርጎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ሲቸኩሉ የቆዳው ሴሎች ሳይሟሙ ይቀሩና ፈንገሱ ይደበቃል። የፈንገስ ቅባት እየተቀባ የመጣ ሰው ናሙና ባዶ ሊሆን ስለሚችል ባዶ ውጤት ብቻውን ጭርትን አያስወጣም። ለሥጋ ደዌ ከጆሮ ጫፍና ከምልክቱ ጠርዝ ናሙና ሲወሰድ፣ ቆዳው ደሙ እስኪሸሽ ቆንጠጥ ተደርጎ ይያዛል፣ ወደ 5 ሚሊሜትር ርዝመትና ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል፣ ምላጩ በ90 ዲግሪ ዞሮ ይፋቃል። ተፍቆ ሳያልቅ ቁንጥጫው ከላላ ስላይዱ ደም ብቻ ይሆናል። ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ የቆዳ ቁራጭ) ሲወሰድም ቁራጩን በወረንጦ አጥብቆ መጭመቅ ሴሎቹን ይደፈጥጣል፤ ቁራጩ የሚቀመጥበት ፎርማሊንም ከቁራጩ መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት።

ፎቶ የሚነሣው ታካሚው ፈቅዶ ነው፦ አንድ ከራቅ ብሎ፣ አንድ ከቅርብ ማስመሪያ ተጠግቶ፣ ፊት ካላስፈለገ ፊት ሳይገባ። እንዲህ የተያዘ የታካሚዎች ማስታወሻ ያለው አመልካች ቃለ መጠይቅ ቢገጥመው የሚናገረው አያጣም።

የቆዳና አባላዘር ቦታ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ምርጫ ሲሞላ ቀጥሎ የሚመጡት ምርጫዎች በእርግጥ ሊማሯቸው የሚፈልጓቸው ይሁኑ። የመታወቂያና የዲግሪ ስም አጻጻፍ ከማመልከቻው በፊት ይመሳከር። ፕሮግራም ሲመዘን ደግሞ ሪዝደንቱ ሥጋ ደዌን የሚያየው የት እንደሆነ ይጠየቅ። የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት ሥራው ይኸው ነበር፤ ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚሁ ይታወቃል። ጅማ የተማረ ሐኪም በኅብረተሰብ አቀፍ ትምህርቱ ቤት ለቤት መሄድን ከተማሪነቱ ለምዶታል፤ የታካሚን ቤተሰብ ለመመርመር ሰቃ ጨቆርሳ መውረድ ሲያስፈልግ መንገዱ አዲስ አይሆንበትም። ኦሮምኛ ያልቻለ ግን ቢያንስ «ዓይንዎን ይጨፍኑ»ና «የተነኩበትን ይጠቁሙ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በራሱ አፍ መናገር ይልመድ።