የፐልፕ ጀብዱ ታሪክን በብዙ ተዋንያን ወደ ድምፅ ድራማ መለወጥ

አንድ የድሮ የአሜሪካ ፐልፕ መጽሔት (በርካሽ ወረቀት የሚታተም የልቦለድ መጽሔት) ታሪክ ወደ ድምፅ ድራማ ሲለወጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምወስነው አድማጩ የት እንደቆመ ነው። ታሪኩ መርከብ ላይ ከሆነ፣ መሪው ጋ ከካፒቴኑ አጠገብ ነው? ወይስ ከመርከቡ ሆድ ከተደበቀው ሰው ጋር? ይህ ሳይለይ ማይኩ የት እንደሚቆም፣ የትኛው ድምፅ እንደሚቀርብና የትኛው እንደሚርቅ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትዕይንት በላይ “ጆሮ፦ ከበሩ ኋላ” ዓይነት አንድ መስመር እጽፋለሁ። ተዋናዩም፣ የድምፅ ኢፌክት ሠሪውም፣ ሚክስ የሚያደርገውም (ድምፆቹን አንድ ላይ የሚያዋህደው) ያችን መስመር አይቶ ይሠራል።

ለግማሽ ሰዓት ድራማ ከ5,000 እስከ 8,000 የእንግሊዝኛ ቃል ያለው ታሪክ ይበቃል። ዝግ ቦታ ያለበትን እመርጣለሁ፦ መርከብ፣ የባሕር መብራት ማማ፣ የማዕድን ጉድጓድ፣ በበረሃ የተከበበ ምሽግ። ተናጋሪዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ቢሆኑ አድማጭ ድምፃቸውን ለይቶ ይይዛል። አደጋው ራሱ የሚሰማ መሆን አለበት፤ ውኃ፣ ነፍሳት፣ እየቀረበ የሚመጣ እርምጃ። ጀግናው ብቻውን ገጽ ሙሉ የሚጓዝበት ታሪክ ግን አስቸጋሪ ነው፤ የሚያናግረው ሰው የለም። አብሮት የሚሄድ ሰው ካልጨመርኩለት ታሪኩን እተወዋለሁ።

መብቱን ማጣራት ከትርጉሙ ይቀድማል። ድራማው ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ከሆነ የአሜሪካ ሕግ ይመለከተዋል። በዚያ ሕግ የመጽሔት ታሪክ ከታተመ 95 ዓመት ሞልቶት የሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት ሲገባ ነፃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ለታተሙት መብቱ በ28ኛው ዓመት መታደስ ስለነበረበት፣ ሳይታደሱ የቀሩ ታሪኮች ቀድመው ነፃ ወጥተዋል። መጽሔቱ በአሳታሚው ስም፣ ታሪኩ ደግሞ በጸሐፊው ስም ለየብቻ ሊታደስ ይችል ስለነበር ሁለቱንም መፈለግ ያሻል። የምተረጉመውም ከመጀመሪያው እትም ቅጂ ነው፤ ኋላ በመጽሐፍ ሲወጣ የታረመው ጽሑፍ የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል።

አፍሪካን የሚመለከቱት ታሪኮች ሌላ ሥራ ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ውስጥ የአገሬው ሰው ስም የለውም፤ ሻንጣ ይሸከማል፣ ይጮኻል፣ ይሸሻል። ይህን እንዳለ በአማርኛ ማሰማት ተገቢ አይደለም፣ በድራማነቱም ደካማ ነው፤ ስምና ምክንያት የሌለው ሰው በድምፅ ሲቀርብ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስም፣ የራሱ ፍላጎትና ቢያንስ አንድ ታሪኩን የሚያዞር ውሳኔ እሰጠዋለሁ። ይህን የማይሸከም ታሪክ ባይሠራ ይሻላል። በዚያው ዘመን ከሌላ ወገን የተጻፈም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ስካይለር ፒትስበርግ ኩሪየር ለተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ በብዕር ስም ስለ ኢትዮጵያ የጀብዱ ልቦለድ በተከታታይ ይጽፍ ነበር። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በመጽሐፍ ስለታተሙ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይነኩም።

ወደ ስክሪፕቱ ስንመጣ፣ የፐልፕ ጸሐፊ የሚከፈለው በቃል ቁጥር እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። አንዱ ፍርሃት በሦስት አረፍተ ነገር የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ሲሶውን ቆርጬ ባወጣም ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። ከተራኪው የምተወው ጊዜና ቦታ የሚያሻግረውን ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ንግግር ወይም ወደ ድምፅ ይሄዳል። ንግግር ሲባል ግን “እነሆ ሽጉጥ አወጣ!” ማለት አይደለም። ሽጉጡን ያየው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ተው፣ እንነጋገር” ሲል አድማጭ ይገባዋል። የቡጢ ድብድብ ገጽ ላይ ያምራል፣ ለጆሮ ግን ማቃሰት ብቻ ነው። ከአሥር ሰከንድ አላስበልጠውም፤ ጆሮውንም ከበሩ ውጭ ሆኖ ማን እንዳሸነፈ በማያውቅ ሰው ዘንድ አስቀምጠዋለሁ።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ኃይል ይሰጣል። የእንግሊዝኛ ሬዲዮ ድራማ ማን ለማን እንደሚናገር ለማሳወቅ ብዙ ጊዜ ስም መጥራት ግድ ይለዋል፤ በእኛ ግን ግሱ ራሱ ወንድ፣ ሴት፣ ብዙ፣ የተከበረ ብሎ ይለያል። መርከበኛው ለካፒቴኑ ሁልጊዜ “ቁልፉን ይስጡኝ” ሲል ቆይቶ፣ አንድ ሌሊት ረጋ ባለ ድምፅ “ቁልፉን ስጠኝ” ካለ አመፁ ተጀምሯል፤ ተራኪ አያስፈልግም፣ ሙዚቃም አያስፈልግም። ከዚያ መስመር በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝምታ እተዋለሁ። ይህ እንዲሠራ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል በሰንጠረዥ መያዝ አለበት፤ አንድ ቦታ ከተዘበራረቀ አመፁ አይሰማም።

የሚጠብቁ ፊደላት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። “ይበላል” ሲላላ ሰውየው እየበላ ነው፤ “በ” ሲጠብቅ አውሬው ይበላዋል። ተዋናይ ቆሞ ሲያነብ ይህን ከዐውዱ የሚለይበት ጊዜ የለውም።

ቀረጻው ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሞከርም፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ከላይ ሌላ ወለል ያለበት ክፍል ይሻላል። ፍሪጅ ይነቀላል፤ በሦስት ወገን ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቄ እሰቅላለሁ። የምቀዳው በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 እስከ −6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ይሁን። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ በትንሹ ወደ ጎን ይዞራል። ፖፕ ፊልተር (ማይኩ ፊት የሚቆም ስስ መከለያ) የ“ፐ”ን አየር ይይዛል፤ “ጠ”፣ “ጨ” እና “ቀ” ግን አየር ሳይሆን ስል ምት ስለሆኑ አያቆማቸውም። ኮምፕሬሰሩ (ጎልቶ የሚወጣን ድምፅ የሚቀንሰው መሣሪያ) በጣም ፈጥኖ ከያዛቸው ተከታዩን አናባቢ ይውጠዋል፤ አታኩን፣ ማለትም መያዝ የሚጀምርበትን ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ አዘገየዋለሁ።

የሚጋጩ ሰዎች አብረው ቢቀረጹ ይመረጣል፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሰምቶ ነው የሚመልሰው። ለየብቻ የተቀረጸ ጠብ ሁለት ሰዎች በስልክ የሚጨቃጨቁ ይመስላል። ጩኸት ያለበት ትዕይንት የቀኑ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ተዋናዩም አንድ ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይጩህ። በማይኩ አፍ ተጩኾ በሶፍትዌር የተቀነሰ ድምፅ የሩቅ ሰው አይመስልም። ከመለያየታችን በፊት የባዶውን ክፍል ድምፅ ግማሽ ደቂቃ መቅዳት ያስፈልጋል፤ በቆረጣ የተፈጠረ ክፍተት የሚሞላው በእሱ ነው።

ኢፌክቱን በተቻለ መጠን በእጅ እሠራለሁ። ነጎድጓድ አንድ ሜትር የሚሆን ስስ ቆርቆሮ በማንቀጥቀጥ፣ እሳት የከረሜላ ወረቀት በቀስታ በመጨማደድ፣ የተሰበረ አጥንት ጥሬ ካሮት በጨርቅ ጠቅልሎ በመስበር፣ የመርከብ እንጨት አሮጌ ወንበር ላይ ሆኖ በመወዛወዝ ይወጣል። የጫካ ወይም የባሕር ድባብ ከሁለት ደቂቃ ካነሰ መደጋገሙ ይታወቃል፤ አንዲት ወፍ በየ20 ሰከንዱ ስትመለስ ጆሮ ታሪኩን ትቶ እሷን ይጠብቃል።

ሚክስ ላይ ድባቡ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዲቢ ዝቅ ይላል። ዋሻ ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ይፈልጋል፣ ሜዳ ግን አይፈልግም፤ ውጭ የሚናገር ሰው ላይ ሪቨርብ ከተጨመረ አዳራሽ ይሆናል። ብዙ ሰው ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ብቻ አድርጎ ስለሚሰማ ድምፅን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አልወስድም። አጠቃላይ መጠኑ −16 ላፍስ (ጆሮ የሚሰማው አማካይ የድምፅ ጉልበት መለኪያ)፣ ጫፉ ከ−1 ዲቢ በታች። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ በስቱዲዮ ደረት የሚያንቀጠቅጠው ነጎድጓድ በስልክ ይጠፋል፤ ከሥሩ የቆርቆሮውን ስል ክፍል ከፍ አድርጌ አስገባለሁ። ፍተሻው ታክሲ ውስጥ፣ በስልክ ነው፤ እዚያ አንድ ስም ካልተሰማ መስመሩ እንደገና ይቀረጻል።

ንግግሩን፣ ኢፌክቱንና ሙዚቃውን በሦስት የተለያዩ ፋይሎች አስቀምጣለሁ። ሙዚቃው ላይ የመብት ጥያቄ ቢነሳ የሚቀየረው እሱ ብቻ ይሆናል፣ ሬዲዮ ጣቢያም የ25 ደቂቃ ቅጂ ቢጠይቅ ሥራው ከንግግሩ ቆረጣ ይጀምራል።