ጉድጓዱን ሐይቅ ውስጥ የከተተው ካርታ

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬን የሠራሁት ተሁለደሬ ወረዳ፣ ሐይቅ ከተማ ዙሪያ ነው። ድንጋዩን፣ ስንጥቆቹን፣ ምንጮቹንና የእጅ ጉድጓዶቹን በ1፡50,000 ካርታ ላይ ማስፈር ነበር ሥራው። 42 ቀን ሜዳ ዋልኩ፤ 19ኙ ከንቱ ቀረ። ያኔ አንድ ሰው ጆሮዬን ቆንጥጦ «ካርታህ ጠርዙ የታለ?» ቢለኝ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ዝግጅቱ ብዙ አያስወራም። መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ማጉያ መነጽር፣ የውሃ ጨዋማነት መለኪያ፣ ደህና ጫማ። ኮምፓሱን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ አታንብቡ፤ ባዛልት ማግኔትነት ስላለው መርፌውን ያሳስተዋል። በቃ።

ካርታውን ያገኘሁት ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ለሦስት ቀን «ነገ ና» ከተባልኩ በኋላ ባለሙያው ስካን የተደረገ ፋይል በፍላሽ ሰጠኝ። ጠርዙ ተቆርጧል። «ነጩ ቦታ ምን ያደርግልሃል? ፋይሉን ያከብደዋል» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ! አሁን ሳስበው የምናደደው በሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

ጂፒኤሱን ከካርቶኑ እንደወጣ ይዤ ወረድኩ። በየጉድጓዱ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፣ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ በእርሳስ ካርታው ላይ አሰፍራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከሐይቁ ደቡብ ዳርቻ የለካኋቸው ሁለት ጉድጓዶች ሰማያዊው ውስጥ ገቡ። ሰው ገመድ ጥሎ ሲቀዳበት በዓይኔ ያየሁት ጉድጓድ ካርታዬ ላይ ዓሣ የሚሰገርበት ቦታ ላይ ነው።

ምን ብዬ አሰብኩ? ካርታው ከታተመ ወዲህ ሐይቁ ሸሽቷል! ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ከጎረቤቱ ሐይቅ ከአርዲቦ በአንከርካ ወንዝ የሚወርድለት ውሃ ቢቀንስ ይሸሻል ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ግራፍ ሁሉ ሠርቼለት ነበር።

ያዳነኝ ምንጭ ነው። አንድ ተረተር ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ካርታዬ ላይ አናቱ ላይ ወጣ። እኔም አላፈርኩም፣ የምንጩ ባለቤት የሆኑትን ሼህ «አባባ፣ ይኼ ምንጭ ድሮ ከላይ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። «እዚያማ የሚወጣው ፍየል ነው፣ ልጄ። ውሃ የሚወጣው እዚህ ታች ነው።»

በማግስቱ ደሴ ወጥቼ አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ያለውን ዋናውን የወረቀት ካርታ ዘረጋሁ። ታች ጠርዙ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦ ዳተሙ አዲንዳን፣ ክላርክ 1880። ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻ ነው፤ ክላርክ 1880 ደግሞ ለስሌቱ የተወሰደው የምድር ቅርጽ። የእኔ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባል ሌላ ዳተም ላይ ነው። በኛ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ግድም ነው። ካርታው ላይ 200 ሜትር ማለት 4 ሚሊሜትር ነው፤ የእርሳስ ጫፍ ሁለት ጊዜ ቢነካው ያልቃል።

«ታዲያ ቁጥሩን መቀየር ነው» ትሉ ይሆናል። ጉድጓዶቹን በአንድ ምሽት ቀየርኩ። ችግሩ ስንጥቆቹና የድንጋዮቹ ድንበር ላይ ነው። ግማሹን በጂፒኤስ፣ ግማሹን ደግሞ የወንዝ መገናኛና የጋራ ቅርጽ በዓይን እያየሁ ነበር የሳልኩት። የትኛው መስመር ትክክል፣ የትኛው የተገፋ እንደሆነ ማስታወሻዬ አይናገርም። ስለዚህ ተመልሼ እያንዳንዱን ገደል እንደገና ረገጥኩ።

ያኔ ነው እውነተኛው ነገር የታየኝ። ምንጮቹ ሁሉ በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል የተቀበረውን ቀይ አፈር ተከትለው ነው የሚወጡት። ከላይ የተሰነጣጠቀው ባዛልት ውሃ ያሳልፋል፣ አንድ ክንድ የማይሞላው ቀይ ሸክላ ያግደዋል፣ ውሃውም በጎን ይወጣል። ጣቴን ብሰካበት ከላይ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከታች ደረቅ። በተሳሳተው ካርታ ይህ መስመር አይታይም ነበር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ውሃ አይደለም፤ ስለ ደሴው ተራራ «ጦሳ ይፈነዳል ወይ?» ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ የተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ከተሰነጠቀ ወዲህ ፍርሃቱ አለ። የወሎ ደጋ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ነው፤ እሳቱ ዛሬ ያለው አፋር ነው። አብሽሩ።

የሜዳ ሥራ መመሪያው «በበጋ ውጡ» ይላል። ለድንጋይ እሺ። ምንጭ ግን ሰኔ መባቻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ እዩት፤ ያኔ የሚፈስ ምንጭ ነው ምንጭ። ደብዳቤም ከዞን ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ አምጡ ይባላል። አምጡ፣ ኪሳችሁ ይቀመጥ። ጉድጓዱ መቼ እንደደረቀ የሚነገራችሁ አቦሉን፣ ቶናውን ጠጥታችሁ በረካው ላይ ስትደርሱ ነው።

ያ ጠርዙ የተቆረጠ ፋይል ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አምና አንድ ተማሪ ደውሎ ጉድጓዶቹ ሐይቁ ውስጥ እንደገቡበት ነገረኝ።

«ሐይቁ ሸሽቷል ብለህ መጻፍ ጀምረሃል?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ሦስት ገጽ» አለኝ።