ሽቦውን ፋቁት

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የማግኔት ምዕራፍ ከመጽሐፉ ወደ መጨረሻው ላይ ስለሚገኝ አሥረኛ ክፍሎች ሁልጊዜ የሚደርሱበት ግንቦት ላይ ነው። የድሬ ግንቦት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የክፍሉ ቆርቆሮ መንጣጣት ይጀምራል፣ ተማሪው ደብተሩን ማራገቢያ ያደርገዋል። በዚያ ሙቀት ሰሌዳ ላይ የማግኔት መስመር እየሰመሩ ልጆች ነቅተው እንዲከታተሉ መጠበቅ ግፍ ነው። ስለዚህ በእጃቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ።

ለኤሌክትሮማግኔት፣ ኮረንቲ ሲያልፍበት ማግኔት ለሚሆን ጥቅል፣ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 10 ሳንቲ ሜትር ምስማር፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ትልቁ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ፓኮ ስፒል። ሽቦውን የገዛሁት መጋላ ሰፈር ውስጥ ዲናሞ፣ ማለትም ሞተር፣ ከሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ነው። ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን 3 ሜትር ተኩል ቆርጬ በካርቶን ላይ አዘጋጀሁት።

ይህ ሽቦ ሲያዩት ምንም ያልለበሰ መዳብ ይመስላል። ነገር ግን ከላዩ ስስ ሽፋን ተቀብቷል፤ ውፍረቱ ከፀጉር ያንሳል፣ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ጫፎቹ ካልተፋቁ ባትሪው ላይ ቢያደርጉት ምንም አይፈጠርም። አምና ግማሹ ክፍል ሳይፍቅ ጠቅልሎ ሰዓቱ በሙሉ «ቲቸር፣ አይሠራም!» በሚል ጥሪ አለቀብኝ። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም ለየቡድኑ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አደልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መጀመሪያ ሽቦውን ፋቁት! ቀይ ሆኖ እስኪያበራ በደንብ ፋቁት!» አልኩ። የቱ ጋ እንደሚፋቅ፣ ለምን እንደሚፋቅም አልተናገርኩም። ለእኔ ግልጽ ነበር።

ስድስት ቡድኖች ነበሩ። አምስቱ ጫፍ ጫፉን አሸት አሸት አድርገው ወደ መጠቅለሉ ቸኮሉ። ሁለት መቶ ዙር ነበር ያዘዝኳቸው። ባትሪውን ሲያገናኙ ምስማሩ 15፣ 18 ስፒል እያንጠለጠለ ተነሣ። ከኋላ አንዱ «አቦ!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉ ተንጫጫ፣ ሙቀቱም ተረሳ። ለዚያች ደቂቃ ስል ነው አስተማሪ የሆንኩት።

ስድስተኛው ቡድን መስኮቱ አጠገብ ነው። መሪዋ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት፤ ደብተሯ ውስጥ ያለ ማስመሪያ የተሰመረ መስመር አይገኝም። ሌሎቹ ጨርሰው ሲጫወቱ እሷ ገና እየጠቀለለች ነበር። በመጨረሻ ባትሪውን ስታገናኝ ምስማሩ አንዲት ስፒል አነሣ፣ እሷም ወዲያው ወደቀች። ሄጄ ባትሪውን ብነካው ሞቋል። ሽቦው ይፋጃል። የልጅቷ የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጫፍ ቀልቷል።

«ባትሪውን ሾርት አድርጋችሁ ገደላችሁት! ሁለቱን ጫፍ አታነካኩ ብዬ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?» አልኩ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

«አላነካካንም ቲቸር። አንተ እንዳልከው ነው የሠራነው።»

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይሰማ፣ «አንተ» ማለትም ንቀት እንዳልሆነ ከመጣሁ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ያን ጊዜ ግን ንዴት ላይ ስለነበርኩ ቃሏን እንደ ድፍረት ቆጠርኩት። ሌላ ባትሪ ሳልሰጣት ደወል ተደወለ። ልጅቷ ምስማሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ዕቃ ስሰበስብ ያንን ምስማር አንሥቼ አየሁት። ከስድስቱም የእሱን ያህል ያማረ ጥቅል አልነበረም። አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሟል፣ መሃላቸው ፀጉር አያስገባም። ቀለሙ ግን ከሌሎቹ ይለያል። የሌሎቹ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ የእሷ እንደ አዲስ አምስት ሳንቲም ያብረቀርቃል። ሽቦ ሻጩ ሁለት ዓይነት ሽቦ ቀላቅለው የሸጡልኝ መሰለኝ። ምስማሩን ኪሴ ከትቼ ልወቅሳቸው ወሰንኩ።

መጋላ ከቀትር በኋላ ፀጥ ስለሚል አሥር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። አዛውንቱ ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማትርቀው ጠባብ ሱቃቸው በር ላይ የውኃ ፓምፕ ዲናሞ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ምስማሩን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አቀኑት፣ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

«ሽቦዬን ማነው ልብሱን ያወለቀው?» አሉኝ።

«ልጆቹ ናቸው። ፋቁት ብያቸው ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ኧረ ጫፉን ነው ያልኩት።»

«ጫፉን ብለሃል?»

ዝም አልኩ። «ጫፉን» አላልኩም። ልጅቷ 3 ሜትር ተኩሉን በሙሉ፣ ጋት በጋት፣ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ፍቃዋለች። የዘገየችውም ለዚህ ነበር። የተናገርኩትን ቃል በቃል የፈጸመችው እሷ ብቻ ነበረች፣ የተቆጣሁትም እሷን ብቻ።

አዛውንቱ ኮረንቲ የሚገጥመውን ተቃውሞ በኦም የሚለካውን ቴስተራቸውን አወጡ። አስቀድመው ሁለቱን የቴስተር ሽቦዎች አነካኩ፤ 0.2 ኦም አነበበ፣ የራሱ የሽቦዎቹ ነው። ከዚያ እኔ ለማወዳደሪያ የያዝኩትን የሌላ ቡድን ምስማር ለኩ፤ 1.1 አለ። 0.2 ሲቀነስ የጥቅሉ 0.9 ኦም ይሆናል፤ ለዚህ ውፍረትና ርዝመት የሚጠበቀው እሱ ነው። የልጅቷን ሲለኩ ቁጥሩ ከ0.2 ፈቀቅ አላለም። 3 ሜትር ተኩል ሽቦ የሌለ ያህል ሆነ።

«ይሄ ጥቅል አይደለም፤ ቧንቧ ነው» አሉኝ።

ለዓመታት ሳስተምር ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽፋን ያለው ሽቦ ሲጠቀለል ኮረንቲው ሌላ መውጫ ስለሌለው 200 ጊዜ ምስማሩን ለመዞር ይገደዳል። እያንዳንዱ ዙር የራሱን ማግኔታዊ ጉልበት ያዋጣል፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይደመራል፣ በውስጡ ያለው ብረትም ያንን ያጎለብተዋል። ሽፋኑ ሲነሣ ግን ዙሮቹ ጎን ለጎን ስለተነካኩ አንድ ወጥ የመዳብ ቧንቧ ሆኑ። ኮረንቲ በቀለለው መንገድ ይበዛልና መዞሩን ትቶ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአቋራጭ፣ የተወሰነውም በምስማሩ አካል በኩል ያልፋል። 1 አምፔር 200 ጊዜ ቢዞር 200 የአምፔር ዙር ነው፤ በቧንቧው 3 አምፔር ቢያልፍ እንኳ ሳይዞር ስለሚሄድ ምስማሩ ከማግኔትነት የሚያገኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተቃውሞው ስለወደቀ ግን ኮረንቲው በዝቷል፤ ባትሪውን ያሞቀው፣ የልጅቷንም ጣት ያቀላው እሱ ነው። ሾርት ነው ማለቴ ትክክል ነበር። ሾርቱ የተፈጠረው ግን ጥቅሉ ውስጥ ነው፣ የተፈጠረውም በእኔ ትእዛዝ ነው።

አዛውንቱ የታቀፉትን ዲናሞ ወደ እኔ አዞሩት። አንድ ጎኑ ላይ ጥቅሉ ከስሏል፣ የቀረው ደህና ነው። «ይሄም እንደ ምስማርህ ነው። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ልብሱ ነው ያለቀው» አሉ። በዲናሞ ላይ ነገሩ ይብሳል። ምስማራችን ላይ የነበረው የባትሪ ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ ዲናሞው የሚሠራው ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው በ220 ቮልት ነው። የሚመላለስ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሁለት ዙሮች ከተነካኩ ራሱን የቻለ የተዘጋ ቀለበት ይፈጠራል፤ መስኩ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሌላ ኮረንቲ ይወልዳል፣ ቀለበቱም ይግላል፣ የጎረቤቱን ዙር ሽፋን ያቃጥላል። ሳይንቲስቱ ፋራዴይ በ1831 ያሳየው ኢንዳክሽን እዚህ ፓምፕ ያቃጥላል። ለዚህ ነው አዛውንቱ ሽቦ ከማስገባታቸው በፊት በብረቱ ጎድጓዳ ሁሉ ወረቀት የሚያነጥፉት፣ ጠቅልለው ሲጨርሱም ቫርኒሽ የሚያጠጡት።

ድሬ ላይ ይህ ሥራ ለምን እንደማይነጥፍም ያን ቀን ገባኝ። የሽቦ ሽፋን ከሚችለው ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚል በሙያው የሚታወቅ ግምት አለ። መደበኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው የአካባቢው አየር ከ40 ዲግሪ፣ የቦታው ከፍታም ከ1,000 ሜትር አይበልጥም ተብሎ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይደክማል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀን ከሌት የሚሽከረከር ፓምፕ በግንቦት ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ስተርጀን ለተማሪ ነግሬ አላውቅም ነበር። ዴንማርካዊው ኤርስቴድ በ1820 ኮረንቲ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር ካሳየ በኋላ እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን በ1825 ኤሌክትሮማግኔት ሠራ። ሽቦው ግን የልጅቷን ሽቦ ይመስል ነበር፤ ሽፋን የለውም። ስለዚህ ስተርጀን በሽቦው ፈንታ ብረቱን ቫርኒሽ ቀባው፣ ሽቦውንም ዙሮቹ እንዳይነካኩ አራርቆ ጠቀለለ። 18 ዙር ብቻ ነው የቻለው። 200 ግራም ገደማ የሚመዝነው ብረት 4 ኪሎ ያህል አነሣ። ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ ኦልባኒ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን ራሱን በሐር አለበሰው። ሽቦ ከለበሰ በኋላ ዙሮቹን ማጠጋጋት፣ በላዩም ላይ ደርቦ መጠቅለል ተቻለ። በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ። ከ4 ኪሎ ወደ 900 ለተደረገው ጉዞ ትልቁን በር የከፈተው ያ ሽፋን ነው። እኔ ደግሞ ሽፋኑን የሥራ እንቅፋት አድርጌ፣ ተፍቆ የሚጣል ነገር አስመስዬ ነበር ያቀረብኩት።

በማግስቱ ትምህርቱን ሳልጀምር ልጅቷን ስሟን ጠርቼ አስነሣኋት። «ትናንት ባትሪውን አላበላሸሽም። ፋቁት አልኩ፣ ፋቅሽ። የቱን እንደሆነ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ስለተቆጣሁሽ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» አልኳት። ክፍሉ ፀጥ አለ። አንገቷን ደፋች፣ ቆይታም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ የእኛ ሽቦ ይጣላል?»

እንዳይጣል የስተርጀንን ነገር ነገርኳቸው። ሌላ ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ የቀረውን ራሳቸው አሰቡት። ምስማሩ ላይ የደብተር ወረቀት ጠቀለሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ እናቱ የስፌት መኪና ያላት ልጅ፣ ከቦርሳው ክር አወጣ። ሽቦውንና ክሩን ጎን ለጎን ይዘው አብረው ጠመጠሙ፤ አንድ የሽቦ ዙር፣ አንድ የክር ዙር። ክሩ በየመሃሉ ስለገባ 58 ዙር ብቻ ወጣላቸው፣ የተረፈውን ሽቦ ቆረጡት። ሽቦው በማጠሩ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ቶሎ ይሞቃል፤ ከ5 ሴኮንድ በላይ እንዳያቆዩት አስጠነቀቅኳቸው። ጫፎቹንም በላስቲክ ይዘው እንዲያገናኙ አደረግኩ፤ የልጅቷ ጣት ገና ቀይ ነበር።

አገናኘች። ዘጠኝ ስፒል ተነሣ።

ከሌሎቹ 18 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ነው፣ ዙሩም ሲሶ እንኳ አይሞላም። ግን ያን ዘጠኝ ስፒል ሁሉም ተሻምቶ ነው ያየው፤ የጠረጴዛው ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። የሌሎቹ ቡድኖች ልጆች የራሳቸውን ጥቅል በጥፍር እየጫሩ ሽፋኑን ማየት ጀመሩ። ትናንት ስለ ሽፋን ማንም ያልጠየቀበት ክፍል ነው።

ልጅቷ ሽቦውን ከባትሪው ላይ አነሣች። ሰባቱ ስፒሎች ጠረጴዛው ላይ ተንኳኩተው ወደቁ። ሁለቱ ግን ከምስማሩ ጫፍ አልወረዱም። ነቀነቀችው፣ አልወደቁም። ምስማሩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየች።

«ቲቸር፣ ኮረንቲው እኮ ጠፍቷል። እነዚህን ምን ያዛቸው?»

ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም። የምስማር ብረትና ማግኔትነቱን ቶሎ የሚለቀው የለስላሳ ብረት ልዩነት ላይ ልንደርስ ነው። ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ በጋት በጋት ቆርጠው ነገ እንዲያመጡ ነገርኳቸው፣ ሁለቱ ስፒሎች እንደተንጠለጠሉ ምስማሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥነው።