ሽምብራና መቁጠሪያ

ባንክ ቤት ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስቆጥር ነው የምውለው። ሚያዝያ ላይ ሂሳብ ስዘጋ 12,000 ብር ጎደለኝ። ከደመወዜ እየተቆረጠ እስካሁን እየከፈልኩ ነው። አጠገቤ ያለው መስኮት ላይ የሚሠራውን ልጅ ጠረጠርኩ። ማስረጃ የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ "ደህና አደርክ" ማለት እንኳ ይተናነቀኛል።

ሱባኤ ልያዝ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍልሰታን ሙሉውን ለመያዝ ፈቃድ አልበቃኝም። ነሐሴ 8 ደብረ ሊባኖስ ገባሁ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍቼ መንገድ ወደ ገደሉ ሲታጠፍ፣ በዚህ ክረምት፣ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ድንገት ከጉሙ ውስጥ አንድ ጭላዳ ብቅ ብሎ ያፈጥብሃል።

ጸጥታ ፍለጋ ነበር የሄድኩት። ምን ጸጥታ አለ! በሴቶቹ ማረፊያ ሰሌን ለሰሌን ተጠጋግተን ነው የምንተኛው። አንዷ ታንኮራፋለች፣ አንዷ ውዳሴ ማርያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች፣ አንዷ በጨለማ ቆሎ ትቆረጥማለች። ልክ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ የሰዓታት ደወል ይደወላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው በጸለዩበት ገዳም፣ እኔ ሰዓታቱ ሳይጋመስ ግድግዳ ተደግፌያለሁ።

ቀን ቀን ትግሌ ከሽምብራ ጋር ነበር። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስም፤ የሚወጣው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ የዘፈዘፍኩት ሽምብራ አብጦ፣ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ ነጭ ጭራ ማውጣት ጀምሮ ይጠብቀኛል። ሁለተኛው ቀን ላይ ቄሱ እየቀደሱ እኔ ለካ ስንት እፍኝ እንደቀረኝ እያሰላሁ ነው።

መቁጠሪያው ግን እምቢ አለኝ። 41 እግዚኦ ልል እጀምራለሁ። ሃያ ላይ ስደርስ ያ ልጅ ይመጣል፣ 12,000ው ይመጣል፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ብር ስቆጥር እንዲህ ሆኜ አላውቅም። (ካልሆንኩ ታዲያ ያ ብር የት ገባ?)

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ከአንዲት እማሆይ ጋር ደጅ ተቀመጥን። ስለ 1929 ዓ.ም. ተነሣ። ግንቦት ላይ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ በመኪና ተጭነው ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ ተረሸኑ። ጣሊያኖቹ 297 መነኮሳት ብለው ሪፖርት አደረጉ። በኋላ ያጠኑ ሰዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ይህን ስዘረዝር እማሆይ ቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። "በረከታቸው ይደርብን" አሉና ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዝም አሉ።

ከዚያ እኔም የራሴን ጉድ አወጣሁ። ቁጥሩን ጭምር።

"በይ ስሙን ንገሪኝ፣ በጸሎት እናስበው።"

ነገርኳቸው። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

"ይሄማ የዓለም ስሙ ነው፣ ልጄ። ክርስትና ስሙስ?"

አላውቅም። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ማኪያቶው ላይ ስኳር ስንት እንደሚጨምር አውቃለሁ። ሁለት ነው።

"ጠይቂው እንግዲህ" አሉኝ፣ ሌላም አልጨመሩ። ሽምብራዬን አቀረብኩላቸው፤ አንዲት ፍሬ አንሥተው የቀረውን መለሱልኝ።

ጾሙ ተፈታ፣ ቤቴ ገባሁ። ነገ ሥራ ነው። ነጠላዬ አሁንም ጭስ ጭስ ይላል። ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት አንገቱን አስግጎ "ክርስትና ስምህ ማነው?" ብሎ ወሬ እንዴት እንደሚጀምር ከማታ ጀምሮ እያሰብኩ ነው።