ግርዶሹን ከየኔታ ጋር ያሰላንበት ወቅት

ስለ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ከጎረቤቶቼ ጋር ለመወያየት ያደረግሁት የመጀመሪያ ሙከራ ከሩብ ሰዓት በላይ አልዘለቀም። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ ያስጨነቀን፣ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ስለነበር፣ «ፀሐይ ልትጨልም ነው» የሚለው ወሬ ደሴ ሲደርስ በሰፈራችን ብዙ ሰው ከበሽታው ጋር አያይዞ የመዓት ምልክት አድርጎ ወሰደው። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ ዝም ማለት አላስቻለኝም። አከራዬ እትዬ ቡና አፍልተው ሳለ፣ ፍርሃቱ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን፣ ሳይንስ ለዚህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ መልስ እንዳለውና ሰው በአጉል ወሬ ራሱን ማስጨነቅ እንደሌለበት ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። እትዬ ቶናውን እየቀዱ «ልጄ፣ እኛ የጠየቅንህ ስለ ፀሐይ ነው፤ አንተ የነገርከን ስለ እኛ ነው» አሉኝና ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻገሩ።

ንግግራቸው ለቀናት ከአእምሮዬ አልጠፋም። የጀመርኩት ሰዎቹ ተሳስተዋል ብዬ ካሰብኩት ነገር ነበር፤ መጀመር የነበረብኝ ግን ስለ ሰማይ እነሱ ራሳቸው ከሚያውቁት ነው። ሰማይን በቁጥር መከተል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ፣ በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ስሌት፣ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት የሚያጣጥም ሒሳብ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን ለረጅም ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ፣ «የኔታ፣ ባሕረ ሐሳብን ያስተምሩኝ፤ እኔም እየተማርኩ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም አድርጌ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። ፕሮግራም ምን ማለት እንደሆነ በጥሞና ጠየቁኝ፣ መልሴንም ሰምተው «እንግዲያው የሚጠየቅ ደቀ መዝሙር ሁለት ሆነ፤ አንተና ማሽኑ» ብለው ፈቀዱልኝ።

የያዝነውን ዓመት ምሳሌ አደረግን። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመተ ኩነኔ ከ2012 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር 7512 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ19 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 7 ይቀራል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ፣ 6 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የፀሐይና የጨረቃ ቆጠራ ልዩነት የሆነው አበቅቴ 6፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ ጾሙና በዓሉ የሚቆጠርበት መነሻ ቁጥር፣ መጥቅዑ፣ 24 ይወጣል። «መግደፍ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጻፌን አቆምኩ። ፕሮግራም ለማስተምራቸው ልጆች «ሞዱሎ» እያልኩ፣ የሰዓትን መዞር ምሳሌ እያደረግሁ ለማስረዳት ስደክምበት የኖርኩት ስሌት ይኸው ነበር። የአማርኛ ስም እንዳለውና የቆሎ ተማሪ ያለ ወረቀት በቃሉ እንደሚሠራው እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ዛሬ ሳስተምር የምጠቀመው የየኔታን ቃል ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ የ2012 ፋሲካ መጋቢት 11 ነው የሚል ውጤት አወጣ። የኔታ ስልኬን ተቀብለው ጥቂት አዩትና «መጋቢት 11 እኮ ዓርብ ነው፤ ፋሲካ ዓርብ ይውላል?» አሉኝ። ስህተቱን አብረን ፈለግን። መጥቅዑ 24 በመሆኑ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 24፣ ቅዳሜ ቀን ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 8 ሲደመርበት 32 ይሆናል። እኔ ሠላሳውን ገድፌ 2 ማግኘቴ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ጾመ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት እንደሚሻገር ለማሽኑ አልነገርኩትም ነበር። ሲስተካከል ነነዌ የካቲት 2 ሰኞ፣ ከእርሱ 69 ቀን ቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 11 እሑድ ወጣ፤ ያከበርነውም በዚያው ቀን ነበር። ያ ስህተት ለውይይታችን ከሁሉ የበለጠ ጠቀመው። የኔታ ማሽኑ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ መሆኑን በዓይናቸው አዩ፤ እኔ ደግሞ በእኔ ሙያ የተሠራን ነገር በእርሳቸው ሙያ ሊታረም እንደሚችል ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ እየፈራሁ ያቆየሁትን ነገር ለማንሣት ድፍረት አገኘሁ። በስሌቱ መሠረት ፍሥሕ፣ ማለትም የፋሲካው ሙሉ ጨረቃ፣ በ2012 ሚያዝያ 4 ላይ ይውላል። በሰማይ ላይ ጨረቃ የሞላችው ግን መጋቢት 30 ነበር፤ አራት ቀን ቀድማለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ተደርጎ ሲቆጠር 19 ዓመት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ይሆናል፤ 235 የጨረቃ ወራት ግን ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳሉ። ይህች ትንሽ ልዩነት በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች፤ ስሌቱ ከተደነገገ ደግሞ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ስናገር የኔታን እንዳላስቀይም እየተጠነቀቅሁ ነበር። እርሳቸው ግን «የሆሣዕና ሌሊት ጨረቃዋ እንደጎደለች እኔም አይቻለሁ» አሉኝ። አያይዘውም አባቶች ስሌቱን የሠሩት ምእመናን በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ እንጂ በየመንደሩ ጨረቃ እየታየ እንዲከራከሩ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ሥርዓቱ ለምን እንደተሠራና ጨረቃ የት እንዳለች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ መልስ በላይ ግልጽ ያደረገልኝ የለም።

ሁለተኛውን ውይይት በእትዬ ግቢ ስናደርግ አራት ሆንን፤ እትዬ፣ የኔታ፣ ጎረቤታችን ሼህና እኔ። ተራርቀን ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ የጀመርኩት በጥያቄ ነው፤ የፀሐይ ግርዶሽ በወሩ በየትኛው ሌሊት ማግሥት ሊሆን ይችላል? የኔታ ወዲያውኑ ጨረቃ ስትወለድ ብቻ እንደሆነ መለሱ፤ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል የምትገባው ያን ጊዜ ነውና። የመጨረሻ ንግግራቸው ግን እኔም ያልጠበቅሁት ነበር። ጌታ በተሰቀለ ዕለት ፀሐይ ጨለመች፤ ስቅለቱ ግን በአይሁድ ፋሲካ ወቅት፣ ጨረቃ በሞላችበት ጊዜ ነው። ጨረቃ ከሞላች ደግሞ ያለችው በፀሐይ ተቃራኒ ስለሆነ ፀሐይን ልትጋርድ አትችልም። «ስለዚህ ያ ጨለማ ግርዶሽ አልነበረም፤ ተአምር ያልነውም ስሌት የማይደርስበት ስለሆነ ነው። የሰኔው ግን በሰዓቱ ተሰልቶ የታወቀ ነው፤ ተአምር አንለውም» አሉ።

ሼሁ ቀጠሉ። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ ሰዎች «ለልጁ ሞት ነው» ሲሉ፣ ነቢዩ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት መካከል መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ልደት ብለው እንደማይጋረዱ መናገራቸውን፣ ግርዶሽ ሲታይም ሶላት እንዲሰገድ ማዘዛቸውን ነገሩን። እትዬ በመጨረሻ «እንግዲያው የሚያስፈራው ወሬው ነው እንጂ ፀሐይዋስ አይደለችም» አሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ተናግሬ ልደርስበት ያልቻልኩት ድምዳሜ ነው፤ የተገኘው ግን ከሁለቱም ሃይማኖቶች ውስጥ ነው።

የቀረው የዓይን ጉዳይ ነበር፤ በዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልፈለግሁም። ፀሐይ ቀጭን ሆና ስትታይም የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ታቃጥላለች፤ በዚያ ክፍል ሕመም የሚሰማ ነርቭ ስለሌለ ሰው የተጎዳው ካለፈ በኋላ ያውቃል። የራጅ ፊልም፣ የሲዲ ሳህን፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ ማየት፣ በሰፈራችን ይመከሩ የነበሩት ሁሉ አይከላከሉም። ቁጥሩ 14 የሆነ የብየዳ መስታወት ደኅና ነው፤ እኛ ግን አላገኘንም። ስለዚህ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ጥላ የማየትን ዘዴ መረጥን። ለተማሪዎቼ በቴሌግራም የላክሁት መመሪያ አጭር ነበር፤ ካርቶን በመርፌ ብሱ፣ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፣ ወደ ላይ ማንም አይመልከት።

ሰኔ 14 እሑድ ነበር። ግርዶሹ ከኮንጎ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ አልፎ ወደ የመን ሲሻገር ላሊበላ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዳሯ ብቻ እንደ ቀለበት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ደሴ ላይ ግን የሚታየው ከፊሉ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲቃረብ ብርሃኑ እንደ ምሽት ሳይሆን እንደ ደከመ ፋኖስ ሆነ፤ ዶሮዎች ዝም አሉ፣ ብርዱም ተሰማን። ካርቶኔን ይዤ ስቆም እትዬ ከማድ ቤት የፓስታ ማጥለያ አምጥተው ከነጭ ነጠላቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙት። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ሥር አንዲት ቀጭን ማጭድ፣ በጠቅላላው ከሃምሳ የሚበልጡ ፀሐዮች ነጠላው ላይ በረድፍ ተሰለፉ። እትዬ እጃቸው እንዳይነቃነቅ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። እኔ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎችን ሳሳይ በኖርኩባቸው ዓመታት ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ አልፎ ምስል የሚሠራበትን የቀዳዳ ካሜራ አሠራር እንዲህ ያየ ተማሪ አልነበረኝም።

የኔታ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ሲያገኙኝ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር መሬቱ በትናንሽ ማጭዶች ተሞልቶ እንዳዩና በአጠገባቸው ለነበሩት ልጆች የቅጠሉ ክፍተት እንደ ካርቶኑ ቀዳዳ መሆኑን እንዳስረዱ ነገሩኝ። ሼሁ በቤታቸው ሰግደው ከወጡ በኋላ ማጥለያውን ተቀብለው ለልጅ ልጆቻቸው አሳይተዋል።

በቀጣዮቹ ዓመታት ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመሳሳይ ውይይት ስናደርግ ይህንኑ መንገድ ተከትለናል፤ ከሰዎቹ ዕውቀት መጀመር፣ አብሮ ማስላት፣ ስህተት ሲገኝ በሁሉም ፊት ማረም። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም፤ ስለ ክትባት የተነጋገርንበት ምሽት ከተማመንበት ይልቅ የተለያየንበት ይበዛል፤ ምክንያቱም በዚያ ጉዳይ ላይ በጋራ ልናሰላው የምንችል ነገር አላዘጋጀሁም ነበር። አሁን ከየኔታ ጋር የያዝነው ቀጠሮ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የዚያ ቀን ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሰሜን ሶማሊያ ያልፋል፤ ለእኛ ከፊሉ ከቀትር በኋላ ይታያል። የኔታ የዕለቱን ጨረቃ በባሕረ ሐሳብ ቆጥረው፣ እኔም በፕሮግራሜ አውጥቼ፣ ልዩነቱ ስንት ቀን እንደሆነ ለልጆቹ በሰሌዳ ላይ ጽፈን ልናሳይ ተስማምተናል። እትዬ ማጥለያቸውን አስቀምጠዋል።