ጾሜን ይዤ ጃፓን

ቶኪዮ የገባሁት ኅዳር 20 ማታ ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ አምስት ቀኑ ነበር። ወዳጆቼ «መንገደኛ ነህ፣ ምን አስጨነቀህ» ብለውኛል። እኔ ግን ሰዓቱን ባልጠብቅም የፍስክ ላለመብላት ወስኜ ነው የሄድኩት። ዓሣም በጾም አልበላም።

ከናሪታ አየር ማረፊያ ወደ ኡዌኖ በሚወስደው ባቡር ውስጥ መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፣ የሚሰማው ግን የሐዲዱ ድምፅ ብቻ ነው። መሃል ላይ እማዬ ደወለች። «ደርሻለሁ እማ» ብዬ ሳልጨርስ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አንገታቸውን ደፉ። የተቆጣኝ ሰው የለም። ቀና ስል በሩ አጠገብ ምልክቱን አየሁት። የስልክ ድምፅ ይጥፋ፣ ባቡር ውስጥ በስልክ አይወራ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ለእማዬ የምደውለው ሆቴል ስገባ ሆነ።

በማግስቱ ጣቢያ ውስጥ ያለች ጠባብ ሶባ ቤት ገባሁ። ሶባ በመረቅ የሚቀርብ ፓስታ መሰል ምግብ ነው። ሰው ቆሞ ነው የሚበላው። በር ላይ ካለው ማሽን ትኬት ቆርጠህ ለምግብ አብሳዩ ትሰጣለህ። ሥዕሉን አይቼ አትክልት ብቻ ያለበትን መረጥኩ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ሽታው አጠራጠረኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ ተርጉሜ ሳነበው መረቁ የዓሣ ነው። በጣም ከፋኝ።

ዳሺ ይሉታል። ደርቆ በስሱ የተላገ ዓሣና ኮምቡ የሚባል የባሕር ቅጠል ተዘፍዝፎ የሚወጣ መረቅ ነው። ሾርባው ውስጥ አለ፣ አትክልቱ ውስጥ አለ፣ ማጥቀሻው ውስጥም አለ። ስለዚህ «ሥጋ አለበት ወይ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ወጣት ችግሬን ስነግረው በጃፓንኛ ጻፈልኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ መረቅ አልበላም። ከጉዞው ሁሉ የጠቀመኝ ይህቺ ወረቀት ነች። አንዷ ምግብ ቤት ያለች ሴት አነበበችው፣ ጓዳ ገብታ ጠየቀች፣ ተመልሳ ክንዶቿን አጣምራ አሳየችኝ። የለም ማለት ነው። ከዚያ ደጋግማ እጅ ነሣች። ዝም ብላ ብታቀርብልኝ ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ስለ ጾሜ እንደ እኔው ተጨነቀችልኝ።

ብዙውን ቀን የኖርኩት ከኮንቢኒ ነው። ኮንቢኒ በየጥጋጥጉ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሱቅ ነው። ጨው ብቻ ያለው የሩዝ ድብልብል፣ የተቀቀለ አኩሪ አተር ከነገለባው፣ ሙዝ። ሱፐርማርኬት በር ላይ ደግሞ በጋለ ድንጋይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሸጣል። በዚያ ብርድ እሱን በእጅ መያዝ ራሱ ደስ ይላል።

ልጣጩን ግን የት ልጣለው? የቆሻሻ መጣያ ፍለጋ ብዙ ዞርኩ። በ1995 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን በሚባል መርዝ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ መጣያዎች ከብዙ ቦታ ተነሥተዋል። አንዲት እናት ልጇ የበላበትን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁና ነገሩ ገባኝ። ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። መንገዱ ላይ ግን ወረቀት አይታይም። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። እኛ ጋ ገንዳ ከራቀ መሬት ላይ መጣል ልክ ይመስለናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ፌስታል ሳልይዝ አልወጣሁም።

ኪዮቶን ያየሁት ለአንድ ምግብ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። አራሺያማ በሚባለው የከተማው ሰፈር ባለው ቴንርዩጂ ገዳም ቅጥር ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ይቀርባል፣ ሾጂን ርዮሪ የሚባለው። ሥጋና ዓሣ ጭራሽ የለም። በልማዱ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። መረቁ ከኮምቡና ከእንጉዳይ ነው። ቀድሜ በሆቴሉ በኩል ቦታ አስይዤ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ታታሚ ላይ ነጠላ ጫማም አይደረግም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ቀይ ገበታ መጣ። ወረቀቴን ሳወጣ የምታስተናግደው ሴት አንብባ ፈገግ አለች፣ በእጇም መልሳት አለችኝ። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ያለ ሐሳብ በልቼ አላውቅም።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ። ስለ ፈጣኑ ባቡር ልነግራት ነበር፣ እሷ ግን የጠየቀችኝ ምን እንደበላሁ ነው። ከሰሊጥ የሚሠራውን ነገርኳት። ሰሊጡ በደንብ ይፈጫል፣ ኩዙ ከሚባል ተክል ሥር ከሚወጣ እንደ ቡላ ካለ ዱቄት ጋር በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው።

«እንደ ገንፎ?» አለችኝ።

«እንደ ገንፎ፣ ግን በርዶ ነው የሚበላው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሰሊጡ ይቆላ እንደሆነ ጠየቀችኝ።